ጭራቁ እህት አለችው ሲባል፦ አስፈሪ ፊልሞች ክፍላቸው በበዛ ቁጥር ለምን ይቀጥናሉ?

ሀዋሳ መነኸሪያ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ «‹ሃሎዊን›ን ከነሙሉ ክፍሉ አስጭንልኝ» ብሎኝ ወደዚያው ጎራ አልኩ። (የቅጂ መብቱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ወጣቱ ባለሱቅ ኮምፒውተሩን ከፈተና ዝርዝሩን አሳየኝ፤ ዐሥራ ሦስት ፊልም። ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አንደኛውን ብቻ ይውሰዱ። ሌላው ፍላሽዎን ይሞላል እንጂ አያስፈራም» አለኝ።

ክፍያው በፊልም ቁጥር ነው። ነጋዴ የገዛ ገበያውን የሚያቃልል ምክር ከሰጠ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። ቤት ስደርስ ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት፤ እሱም ቀላል የሚመስል ጥያቄ አቀረበ። «ሰዎቹ ገንዘብም ልምድም ጨምረው እንዴት እየባሰባቸው ይሄዳል?»

ተከታይ ፊልም ስንል ምን ማለታችን ነው?

የቀደመውን ታሪክ፣ ወይም ቢያንስ የቀደመውን ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚቀጥል፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እየተባለ የሚቆጠር ፊልም ማለታችን ነው። ከቴሌቪዥን ድራማ ይለያል። የድራማ ጸሐፊ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመለስ ገና ሲጀምር ያውቃል፤ ስለዚህ ዛሬ የዘራውን የዛሬ ወር ያጭዳል። የአስፈሪ ፊልም ተከታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው አንደኛው ገበያ ከያዘ በኋላ ነው። ታሪኩ አልቋል፤ ተመልካቹም ወደ ቤቱ ገብቷል። ለአንድ ወለል በተቆፈረ መሠረት ላይ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ እንደ መደረብ ያለ ነው። ቤቱ ይቆም ይሆናል፤ ስንጥቁ ግን ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ይታያል።

«ሃሎዊን» የሚለው ስም አሜሪካውያን ኦክቶበር 31 ማታ የሚያከብሩት በዓል ነው። ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ እየጠየቁ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ዙረቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በቡሄ «ሆያ ሆዬ»፣ እዚህ ሲዳማ ደግሞ በፊቼ ጨምበላላ «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ልጆች ደጅ ለደጅ ይሄዳሉ። የእነሱ ምሽት ልዩ ቅመሙ ማስፈራራት መሆኑ ነው። ለአንድ ነፍሰ ገዳይ ከዚህ የተመቸ ቀን የለም፤ ከተማው ሁሉ ጭምብል ባጠለቀበት ማታ ጭምብል ያጠለቀን ሰው ማን ይጠረጥራል?

አንደኛው ምን ነበረው?

ጆን ካርፔንተር በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊልሙን ሲሠራ በእጁ የነበረው ወደ 325 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ለሆሊውድ የሻይ ወጪ። ቀረጻው የተካሄደው በካሊፎርኒያ ዛፉ ሁሉ ለምለም በሆነበት ወቅት ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በኢሊኖይ ግዛት ባለች የልብ ወለድ ከተማ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቀለም የተቀባ ቅጠል መንገዱ ላይ ይበትናሉ፤ ትዕይንቱ ሲያልቅ አንድ በአንድ ለቅመው ለሚቀጥለው ትዕይንት መልሰው ይበትኑታል። የገዳዩ ጭምብል ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ ከሱቅ የተገዛ፣ የአንድ የታወቀ የቴሌቪዥን ጀግና ፊት ነበር። ነጭ ቀለም ቀቡት፤ የዓይኑንም ቀዳዳ አሰፉት። ሙዚቃውን የደረሰው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው፤ ጥቂት የፒያኖ ድምፆች በአምስት ምት ተደጋግመው ይሄዳሉ፣ ዕረፍትም አይሰጡም።

ከዚህ ሁሉ ቁጠባ የወጣው ነገር ባዶ ፊት ነው። ገዳዩ ማይክል ማየርስ በስድስት ዓመቱ ታላቅ እህቱን በቢላዋ ገደለ። ለምን? አይነገርም። ዐሥራ አምስት ዓመት ሆስፒታል ተቆልፎበት ከኖረ በኋላ አመለጠና ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ የጎረቤት ሕፃናትን የምትጠብቅ ሎሪ የምትባል ተማሪንም መከተል ያዘ። ለምን እሷን? እሱም አይነገርም። መጨረሻ ላይ በሚወጣው የተዋንያን ዝርዝር ጭምብል ያጠለቀው ሰው በስሙ አልተጻፈም፤ «ቅርጹ» ነው የተባለው።

መዝጊያው ላይ ሆስፒታል ያክመው የነበረው ሐኪም ስድስት ጥይት ይተኩስበታል፤ ሰውየው ከሰገነት ይወድቃል። ሐኪሙ ወደ ታች ሲመለከት ሳሩ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ካሜራው ቀደም ብለን ያየናቸውን ቦታዎች በየተራ ያሳየናል፤ ሳሎኑን፣ ደረጃውን፣ ከውጭ ያሉትን ቤቶች። ሁሉም ባዶ ናቸው። የሚሰማው ከጭምብል ውስጥ የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ሁለት እግሩን ከወለሉ አንስቶ ሶፋው ላይ ሰበሰበ። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ደም እኮ ከአንድ የዶሮ ማረድ አይበልጥም።

ታዲያ ክፍል ሁለት ምን አበላሸ?

አንደኛው በዓለም ዙሪያ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በ1981 ሁለተኛው መጣ። ገንዘቡ ጨመረ፣ ደሙም ጨመረ። ጽሑፉን ካርፔንተር ከባልደረባው ከደብራ ሂል ጋር ጻፈው። ችግሩ ማይክል ማየርስ አሁንም ሎሪን መከተሉ ነበር፤ ሌላ ሙሉ ፊልም ሲከተላት ምክንያት ሊኖረው ግድ ሆነ። የተገኘው ምክንያት ሎሪ እህቱ መሆኗ ነው። ይህን ሐሳብ እንደማይወደው ካርፔንተር ራሱ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል።

ምን ክፋት አለው? እስከዚያ ድረስ ማይክል ማየርስ ማንንም፣ በማንኛውም ቤት፣ ያለ ምክንያት ሊገድል የሚችል ነገር ነበር። አሁን የቤተሰብ ጣጣ ያለበት ሰውዬ ሆነ። እኔም ሆንኩ አንባቢዬ እህቱ አይደለንም፤ በራችንን ሳንቆልፍ መተኛት እንችላለን።

ነገሩን ለማየት ሐይቁ ድረስ መሄድ ይበቃል። ሀዋሳ ላይ ጉማሬ ለማየት በጀልባ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ጀልባው ሞተሩን ያጠፋል፣ ጀልባዋ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች፣ ከዚያም ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ውሃው አረፋ ያወጣል። ሰው የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ ጸሎት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጉማሬው ብቅ ብሎ ጆሮውን ሲያርገበግብ ግን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እንስሳው ያው ነው፤ እንዲያውም ቀርቧል። የተለወጠው የት እንዳለ መታወቁ ብቻ ነው።

አስፈሪ ፊልም የሚኖረው በአረፋው ላይ ነው። ተከታዩ ደግሞ ጉማሬውን ደጋግሞ ከማውጣት ሌላ ሥራ የለውም። የ1975ቱ የሻርክ ፊልም «ጆውስ» የዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ሳይወድ በግዱ ደበቀው። ዓሣው በደንብ የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚያስፈራን ውሃው ነው። አራተኛው ክፍል በ1987 ሲወጣ ሻርኩ አንድን ቤተሰብ ከሚኖርበት ደሴት እስከ ባሃማስ ድረስ ለበቀል ይከተላል። ቂም የያዘ ዓሣ! እዚህ ሀዋሳ አሞራ ገደል ላይ መረብ የሚጎትት ሰው ይህን ቢሰማ የያዘውን አምባዛ ለቅቆ ይስቃል።

«ሃሎዊን»ም ከዚህ አላመለጠም። እህት ተገኘች፤ የእህት ልጅም ተከተለች። አምስተኛው ክፍል (1989) ጥቁር የለበሰ አንድ ምሥጢራዊ ሰው አስገባና ማን እንደሆነ ሳይናገር አለቀ። ዕዳውን ለመክፈል የተገደደው ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣው ስድስተኛው ክፍል ነው፤ እሱም ማይክል ማየርስ የሚገድለው በጥንታዊ እርግማን ምክንያት መሆኑን፣ ከኋላውም የሚስጥር ማኅበር እንዳለ ነገረን። ልጆች ሳለን «ጭራቅ መጣልህ» ስንባል ጭራቁ በየት ሰፈር እንደሚኖር፣ ማን እንደረገመው የነገረን ሰው አልነበረም። ቢነግሩን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

አዘጋጆቹ ይህን አያውቁም?

በደንብ ያውቃሉ። እንዲያውም በ1982 ሦስተኛውን ሲሠሩ ማይክል ማየርስን ጨርሰው ተዉት። ሐሳቡ በ«ሃሎዊን» ስም በየጊዜው አዲስ የተለየ አስፈሪ ታሪክ ማቅረብ ነበር። ተመልካቹ «የእኛ ሰውዬ የታለ?» አለ። ገቢው ከሁለቱ ቀዳሚዎች አነሰ። አራተኛው በ1988 ሲመጣ ርዕሱ «የማይክል ማየርስ መመለስ» የሚል ነበር፤ ርዕስ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቂያ ይመስላል።

ወጥመዱ ይህ ነው። ተመልካች ያንኑ ፊልም እንደገና ይፈልጋል፤ ያንኑ ስትሰጠው ደግሞ «ያንኑ ነው» ይላል። አዘጋጁ የሚያገኘው ቀላሉ መውጫ መጠን መጨመር ነው፤ ብዙ ሟች፣ ብዙ ደም፣ ሩቅ ቦታ። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ የሚያሳየው «ዓርብ፣ ወር በገባ በ13» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ተከታታይ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆኪ ጭምብሉ ነው፤ ግን በ1980ው የመጀመሪያ ክፍል ገዳይዋ እናትየዋ ናት። ልጁ ጄሰን ቢላዋውን የተረከበው በሁለተኛው፣ ጭምብሉን ያገኘው ደግሞ በሦስተኛው ነው። አራተኛው በ1984 «የመጨረሻው ምዕራፍ» ተብሎ ወጣ፤ በዓመቱ አምስተኛው ደረሰ። ስምንተኛው ጄሰንን ወደ ኒው ዮርክ ወስደነዋል ቢልም አብዛኛው ታሪክ መርከብ ላይ ያልቃል። በዐሥረኛው ጄሰን ጠፈር ላይ ነው። ምድር ላይ የሚሄድበት ሲያጣ ማለት ነው።

እየደከመ ከሄደ ለምን ይሠራል?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት ለፊልም አምራች የንግድ ሥራ ዕቅድ ነው። አዲስ ታሪክ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ለሕዝቡ ማንነቱን ማስረዳት አለበት፤ ለዚህም የማስታወቂያ ገንዘብ ይፈሳል። የታወቀ ጭምብል ግን ፖስተሩ ላይ መታየቱ ይበቃዋል። ጭምብሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከውስጡ ያለው ሰው ማንም ቢሆን ተመልካቹ አይለይም። ደመወዝ የሚያስጨምር ኮከብ የለም።

አስፈሪ ፊልም ደግሞ ሲበዛ ርካሽ ነው። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የመጀመሪያ ቀረጻው የፈጀው 15 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ያስገባው ከ190 ሚሊዮን በላይ ነው። «ሶው» በ2004 ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ100 ሚሊዮን በላይ አመጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ድረስ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አንድ አንድ ክፍል ወጣ። ዋናው ሰውዬ በሦስተኛው ሞቷል፤ አራት ፊልም ሬሳው ላይ ተሠራ። ሒሳቡን በሱቅ ቋንቋ እናስላው። አንደኛው አንድ ብር ወጥቶበት ሃምሳ ቢያመጣ፣ ተከታዩ አምስት ወጥቶበት ሃያ ቢያመጣ፣ ተከታዩ በግልጽ ደክሟል። ዐሥራ አምስት ብር ትርፍ ግን ማን ይጠላል? ጥራት የሚወርደውና ትርፍ የሚወርደው በተለያየ ፍጥነት ነው። የተከታታዮቹ ዕድሜ የሚረዝመው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፊልሙ ለተመልካች ጨርሶ አይደለም። የአንድን ታሪክ መብት የያዘ ድርጅት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፊልም ካልሠራ መብቱን የሚያጣበት ውል አለ። «ሄልሬዘር» የሚባለው ተከታታይ ዘጠነኛ ክፍሉ (2011) በዚሁ ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ተቀርጾ ተጠናቀቀ፤ በቀደሙት ክፍሎች ሁሉ ዋናውን ጭራቅ የተጫወተው ዳግ ብራድሊ እንኳን አልሠራም ብሏል። ለሊዝ መሬት እንግዳ ላልሆነ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ቦታው እንዳይነጠቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥቂት ብሎኬት የደረደረ ባለሊዝ አይተን እናውቃለን። ያ ብሎኬት ቤት አይደለም፤ ቤት እንዲሆንም አልታሰበም። የዚሁ ተከታታይ ሰባተኛ ክፍል (2005) ደግሞ ለሌላ ፊልም ተጽፎ የነበረ ጽሑፍ ነው፤ ጭራቁን መሐል ላይ አስገቡበትና የተከታታዩን ስም ለጠፉበት።

ጥፋቱ ሁሉ የአዘጋጆቹ ነው?

አይደለም፤ አንዱ ምክንያት የቁጥር ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም አይነገርም። ዓሣ አጥማጁን እንውሰድ። አንድ ቀን ማለዳ መረቡ በቆሮሶ ሞልቶ ወጣ፤ ሰው ተሰበሰበ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ። በማግስቱ ሁሉም ሊያይ መጣ፤ መረቡ እንደ ወትሮው ነው። ሰውየው አልሰነፈም፤ ትናንት የተለየ ቀን ነበር። ተከታይ የሚሠራላቸው ፊልሞችም እንዲሁ በመረቡ ሙሉ ቀን የተገኙ ናቸው። በየዓመቱ ስንት አስፈሪ ፊልም ወጥቶ ይረሳል! ክፍል ሁለት የሚታዘዝለት ችሎታም፣ ገንዘብም፣ ዕድልም በአንድ ቀን የገጠሙለት ነው። እነዚህ ሦስቱ በተከታታይ ሁለቴ የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መካከለኛ ፊልም ቢሆን እንኳን ከአንደኛው አጠገብ ሲቆም ውድቀት ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት የተመልካቹ ድርሻ ነው፤ እሱን ለመረዳት ቡና ማፍላት በቂ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው ያው ነው፤ የሚጨመረው ውሃ ነው። በረካ ላይ «ቀጠነ» ብሎ የተቆጣ እንግዳ እስካሁን አላየሁም፤ በረካ ድረስ የቆየው ለጨዋታው እንጂ ለቡናው አይደለምና። የስምንተኛው ክፍል ተመልካችም እንዲሁ ነው። ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ፈንዲሻ ይዞ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚሞት እየተወራረደ ያያል። ይህ ሰው አልተታለለም። ፊልሙ መጥፎ ነው ከተባለ እንኳን «እሱማ አውቄ ነው» ይላል። ተቺዎች ግን በረካውን በአቦል ሲኒ ይለካሉ።

ከአንደኛው የማያንስ ተከታይ የለም?

አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥያቄውን የለወጠ ነው። በ1979ኙ «ኤሊየን» አንድ ፍጡር ጠፈር ላይ አንድ መርከብ ውስጥ ያስጨንቃል። ጄምስ ካሜሮን በ1986 «ኤሊየንስ»ን ሲሠራ ጭንቀቱን ሊደግም አልሞከረም፤ ፍጡራኑን አብዝቶ የጦርነት ፊልም አደረገው። «ሶው»ም ዐሥረኛው ክፍል (2023) ላይ ተነፈሰ፤ ታሪኩን ወደ ኋላ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ወዳለው ጊዜ ወስዶ ከሞተው ሰውዬ ጋር ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስገርመው የ2018ቱ «ሃሎዊን» ነው። ከ1978ቱ በኋላ የወጡትን ሁሉ እንዳልነበሩ ቆጠራቸው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ወጣት «ወንድሟ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሎሪ የልጅ ልጅ ያ ሰዎች የፈጠሩት ወሬ ነው ብላ ትመልስለታለች። የሠላሳ ሰባት ዓመት ማብራሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠረገ፤ ሰውየው እንደገና ማንንም ያለ ምክንያት ሊገድል የሚችል ሆነ። ፊልሙ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያስ? ተከታይ ታዘዘለት፤ የ2021ዱና የ2022ቱ እንደገና ቀጠኑ።

ከየት ልጀምር?

ዐሥራ ሦስቱን በተራ ቁጥር የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል፤ ሎሪ በአንዱ ሞታለች፣ በሌላው ልጅ አሳድጋለች፣ በሌላው አያት ናት። ምክንያቱ አዘጋጆቹ በተበላሸባቸው ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሰው ሌላ መንገድ መጀመራቸው ነው። መንገዶቹም እነዚህ ናቸው። ከ1978 ተነስቶ በ1981፣ 1988፣ 1989 አድርጎ 1995 የሚደርስ አለ፤ ይህ የእርግማኑ መንገድ ነው። ከ1978ና ከ1981 ወደ 1998 ዘልሎ በ2002 የሚያልቅም አለ። ከ1978 በቀጥታ 2018፣ 2021፣ 2022 የሚሄደው ሦስተኛው ነው። የ2007ና የ2009 ፊልሞች ዳግም ሥራ ናቸው፤ የድሮውን ታሪክ በሌሎች ተዋንያን ከመነሻው ይሠራሉ። የገዳዩንም የልጅነት ኑሮ በዝርዝር ያስረዳሉ፤ ከጉማሬው በኋላ ይህ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም።

ለቸኮለ ሰው 1978ና 2018 ይበቃሉ። ሰኞ ተመልሼ የ2018ቱን አስጫንኩ፤ ፍላሹ ላይ ቦታ ተርፎ ስለነበር ያን ማይክል ማየርስ የሌለበትን የ1982ቱን ሦስተኛ ክፍልም ለራሴ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። ጭኖልኝ ሲያበቃ የሁለቱን ሒሳብ ስዘረጋለት የአንዱን ብቻ ወሰደ። «ይሄኛውን ማንም ወስዶት አያውቅም ጋሼ፤ ዋጋም የለውም።»